ኡርሱልን ጠይቁ

ውድ ኡርሱል፣

በቅዱሳን ሁሉ ቀን ራስጌሽ ላይ ሲተራመስ የዋለው ሕዝብ ምን ፈልጎ እንደመጣ ግራ ሳይገባሽ አልቀረም። ሰው ሁሉ ባልዲና ብሩሹን ይዞ የየራሱን ሙታን መቃብር ኖራ መቀባት ሲገባው፣ ወዳንቺ ተሰልፎ፣ ጎንበስ ብሎ አንብቦ፣ አንገቱን ነቅንቆ ሲሄድ ምን አልሽ ይሆን? «ይሄ ሁሉ ሰው በሕይወት ሳለሁ የት ነበር?» ሳትይ አትቀሪም፤ አውቅሻለሁ። ባልሽ የተከለልሽን ሣር ረግጠው ረግጠው መሬቱን ጭቃ አደረጉት። የላክኋቸው እኔ ነኝ። እንዳትቀየሚኝ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አሁን እንኳ ሳታቋርጪኝ ትሰሚኛለሽ።

ፊደሌን ታውቂዋለሽ፤ እንደ ክሮፊሽ፣ እንደዚያ የረግረግ ሸርጣን፣ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ከእርሳስ ጋር ብዙም አልተዋወቅንም። ያልገባሽን ዝለዪው።

አንቺ የሄድሽው በመጋቢት ነው፤ በቃሪያ የሚቀቀለው ክሮፊሽ ደርቶ፣ ሰው ሁሉ እጁ ቃሪያ ቃሪያ ሲሸት። ለቀብርሽ የመጣው ሰው ደህና ነበር፤ ምግቡም አላሳፈረሽም። የፀጉርሽን ነገር ግን አልነግርሽም፤ ያቺ ፀጉር ሠሪ ልጅ ሌላ ሰው አስመስላሽ ነው የቀበርንሽ። ይለፍ።

ከዚያ ወዲህ ባልሽን ዳክዬን ከመንገድ ማዶ ሆኜ የማየው እኔ ነኝ። ሌላኛውን ስሙን እዚህ ደብዳቤ ላይ አታገኚውም። የተጠመቀበትን ማለቴ ነው፤ አንቺ ብቻ ቤት ውስጥ የምትጠሪውን። ለምን እንደማልጽፈው ቆይተሽ ትደርሺበታለሽ። እውነቱን ልንገርሽ? እስከዘንድሮው የዳኝነት ምርጫ ድረስ እኔ ራሴ ስም መሆኑን አላውቅም ነበር። በመስኮትሽ በኩል ስትይው ስሰማ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። አጀማመሩ እንደ ጸሎት፣ አጨራረሱ እንደ ማስነጠስ። «ይቺ ኡርሱል እንዴት ያለች ጸሎተኛ ናት!» እያልኩ ሁለት ሦስቴ በባልሽ ስም አማትቤያለሁ።

በኛ አገር ደግሞ ስም ማለት ሰው የሚጠራሽ ነው እንጂ ወረቀት ላይ ያለው አይደለም። እሱን ዳክዬ ያሉት በልጅነቱ የአባቱን ቦቲ አጥልቆ፣ ውሃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ እየተንቦጫረቀ ትምህርት ቤት ሲመጣ አይተው ነው። እኔን ለምን ሬዲዮ እንደሚሉኝ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አላውቅም። ድንች የምንለውን ሰውዬ አስታውሺ። ሲሞት ልጆቹ ከከተማ መጥተው «አባታችንን በክብር እንቅበረው» ብለው በተጠመቀበት ስም አስነገሩ። ቀብሩ ላይ ቄሱ፣ ሚስቱና አንድ መንገድ የጠፋው ሰውዬ ብቻ ተገኙ። ሰፈሩ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ «ድንች የት ጠፋ?» ሲል ከረመ።

ባልሽ ዳኛ የሆነውም በዚያው በዳክዬነቱ ነው። የሶሲየ ወንድማማቾች በአባታቸው ጀልባ የተጣሉ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጠበቃ ያዙ። ለጠበቃው የሰጡት ሁለት ጀልባ ይገዛ ነበር። ዳክዬ ያኔ ሩዝ ገበሬ ነው፤ ዳኛም ምንም አይደለም። ሁለቱን ጠርቶ «እስቲ ግቡና ተቀመጡበት፤ ለማን እንደሚያምር ልየው» አላቸው። ሲቀመጡለት መቅዘፊያዎቹን አንስቶ፣ ጀልባውን በእግሩ ገፍቶ ወደ ረግረጉ መሃል ላከው። ራሱ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ አንቺ የቋጠርሽለትን ሳንድዊች ይገምጣል።

«ኧረ ዳክዬ፣ መቅዘፊያውን!»

«ስትስማሙ።»

«ትንኝ ጨረሰን እኮ!»

«እኔንም የናንተ ጭቅጭቅ ጨርሶኛል።»

ምሳ ሳይደርስ ተስማሙ። ለምን እንደተስማሙ እስከዛሬ አይናገሩም፤ ጀልባውን ግን አብረው ሲያጠምዱበት ኖሩ። የዚያን ዓመት የቀድሞው ዳኛ ሞተና ሰው ሁሉ «ዳክዬ ይሁን» አለ። የአጥቢያ ዳኛ ለመሆን እንደሆነ ሕግ መማር አያስፈልግም፤ ለፍየልና ለአጥር፣ ለቤት ኪራይና ለውሻ ንክሻ ሕግ ምን ይሠራል? አንቺ ወረቀቱን ሞላሽለት። «በምርጫው ላይ እንዲወጣ የሚፈለገው ስም» በሚለው ላይ ዳክዬ ብለሽ ጻፍሽ። ጣውላ ላይ ዳክዬ ሣልሽና መንገድ ዳር ተከልሽ። ዳክዬሽ ዶሮ ይመስል ነበር፤ ግን ማንም አልተሳሳተም። በየስድስት ዓመቱ ያንኑ ጣውላ እያወጣሽ መትከል ብቻ ሆነ። ተወዳዳሪ እንኳ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ፍርድ ቤቱ ጋራዣችሁ፣ ችሎቱ ያቺ የምትታጠፍ ጠረጴዛ፣ ከኋላው ፍሪዘሩ። ሐሙስ ሐሙስ። አንቺ ፍሪዘሩ አጠገብ ወንበርሽ ላይ ሆነሽ፣ ለተፈረደበት አንድ ብልቃጥ የበለስ ማርማላታ ትሰጪዋለሽ። ማርማላታሽን ፈልገው ሆን ብለው የሚረቱም ነበሩ፤ ስም አልጠራም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ችሎቱ ቀጠለ፤ የተፈረደበት ግን ባዶ እጁን መሄድ ጀመረ። ባልሽም ከሐሙስ እስከ ሐሙስ የሚኖር ሰው ሆነ። ረቡዕ ሸሚዙን ያጥባል፣ ሐሙስ ጢሙን ይላጫል፣ አርብ ላይ ሰውየው ያልቃል። የጋራዡን በር ከፍቶ ጉዳይ በሌለበት ቀን ሁሉ ጠረጴዛው ፊት ይቀመጣል። ልጃችሁ ከባሕር ላይ ሥራው ይደውላል፤ «ደህና ነኝ» ይለዋል። ደህና አልነበረም። እኔ እንደሆነ ባል ቀብሬአለሁ፤ የክሌበርትን ወንበር እያየሁ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ ታውቂያለሽ። ግን እኔ ወሬ አለኝ። እሱ ያለው ሐሙስ ብቻ ነው። ሐሙስን የወሰደበት ሰው እሱንም ይወስደዋል አልኩ ለራሴ።

በዚያ ላይ ምርጫው ደረሰ፤ ኑኒም ተነሣበት። የሜሽ ልጅ፣ አሮጌ ፒክአፕ የሚሸጠው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ጥርሱ ብቻ ነው የበዛው። በየመስቀለኛው መንገድ በፖስተር ጥርሱን ሰቀለ። «ችሎቱን ከጋራዥ አውጥቼ ማቀዝቀዣ ያለው ቢሮ አስገባለሁ፤ ተራ የሚይዝ ቁጥር አስቆርጣለሁ» ይላል። ሦስተኛዋ ቬልታ የምትባል፣ ከሌላ አውራጃ የመጣች ጡረተኛ የአውቶቡስ ነጂ ናት። ዳክዬ ግን ምንም አልሰቀለም። ጣውላሽ ፍሪዘሩ ኋላ እንደተጋደመ ቀረ። እኔም «ምን ያደርግለታል፣ ማን አያውቀውም?» ብዬ ዝም አልኩ።

የምርጫው ቅዳሜ ወጥ ጥጄ ስለነበር የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ማታ ኳስ አለ፤ ስለዚህ ወንዱ ሁሉ በጠዋት መርጦ ሄዷል። የምንመርጥበት እሳት አደጋ ጣቢያ በር ላይ ስደርስ አንድ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ሰው ከመምረጫው መኪና መጋረጃ በወጣ ቁጥር ግንባሩን ይቋጥራል። ከውስጥ አንዱ ጮኸ፦

«ሜልቪና! ዳክዬ የት አለ?»

ሜልቪና ያንቺ የአክስት ልጅ አስመራጭ ናት፤ ባጇን ደረቷ ላይ ሰክታ ጳጳስ መስላለች። «እዚህ ውስጥ የእጩ ስም አይነሳም!»

«ስም መች አነሳሁ? ዳክዬ ነው ያልኩት!»

«ዳክዬ እጩ ነው!»

«እኮ የት አለ? መኪናው ላይ የለማ!»

«አለ ወይም የለም ልልህ አልችልም! እጀታውን ሳብና ውጣ!»

«የቱን?»

«ኧረ ጌታዬ! የፈለግከውን!»

ተራዬ ደርሶ ገባሁ፤ መጋረጃውን ሳብኩ። ሦስት እጀታ። ራንደል «ኑኒ» ሜሽ ይላል። ሁለተኛው ቬልታ ይላል። ሦስተኛው ላይ ያንቺ ጸሎት ተጽፏል። «ጸሎት ምርጫ መኪና ላይ ምን ይሠራል?» አልኩ። ከጸሎቱ ኋላ የቤተሰብ ስም፣ ጊድሪ ይላል። ጊድሪ እንደሆነ በዚህ ሰፈር ዛፍ ብታራግፊ ይረግፋል። ደግሜ ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ መጨረሻው ላይ ያ ማስነጠሱ አለ። እጄ እጀታው ላይ እንዳለ ቆምኩ። ያን ሁሉ ዓመት እግዜርን ሳይሆን ባልሽን ነበር የምትጠሪው።

እጀታውን ሳብኩ፤ ወጣሁ። ሜልቪና አየችኝ፤ አየኋት። እሷ ወረቀቱን ከጠዋት ጀምራ አይታዋለች፤ መናገር ስለማትችል ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ኤልዲያ፣ እንዳትተነፍሺ» አለችኝ። እስቲ አስቢው፤ እኔ፣ አፌን በመዳፌ ይዤ፣ መቀስቀስ የተከለከለበት ቦታ እስከሚያበቃበት ምልክት ድረስ ስሄድ። ከምልክቱ አልፌ መጮህ ስጀምር የሚሰማኝ አንድ ውሻና ከአደን ዘግይተው የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሌላው ሁሉ «ምስኪን ዳክዬ፣ ሚስቱ ስትሞትበት ዳኝነቱን ተወው» ብሎ፣ አዝኖለት፣ ኑኒን መርጦለት ሄዷል።

ውጤቱ ኑኒ አንደኛ፣ ግን ግማሹን አላለፈም። ባልሽ ቬልታን ለጥቂት በልጦ ሁለተኛ። የመረጡት ጩኸቴን የሰሙ፣ ጊድሪ በመሆናቸው ብቻ ጊድሪ የሚመርጡና እጃቸው የተንሸራተተ ናቸው። ሁለቱ በኅዳር እንደገና እንዲወዳደሩ ተባለ። ስሙስ? ስሙ እንደታተመ ይቆያል፤ አይነካም አሉ።

በማግስቱ የተረፈውን ወጥ ይዤ ወጥ ቤታችሁ ገባሁ። ባልሽ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ካልሲ ይጥፋል። ይጥፋል ስልሽ፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ያንን ስም ከየት አመጣኸው?»

«የኔ ነው።»

«ያንተ ስም ዳክዬ ነው! ሰው እኮ ዳኝነቱን የተውክ መስሎት ነው ኑኒን የመረጠው!»

ካልሲውን አስቀመጠ። «እዚያ ከተማ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ጠየቀችኝ፤ በመኪናው ላይ ምን ብለን እናውጣው አለች። ሁልጊዜ ኡርሱል ናት የምትመልሰው። እኔ ደግሞ… ነገርኳት።»

«ለምን?»

«መልሳ አነበበችልኝ፤ ትክክል መሆኑን ለማየት። ጮክ ብላ።» መስኮቱን ያያል። «ከመጋቢት ወዲህ የጠራኝ ሰው የለም፣ ኤልዲያ። ዳክዬ የሚለኝ ሞልቷል። ልጄ አባዬ ይለኛል። በዚያ ግን ማንም። ልጅቷ እንደገና ታነበው ብዬ ‹አልሰማሁሽም› አልኳት።»

ክሌበርት አርባ ዓመት «አንቺ ሴትዮ» እያለ ነው የጠራኝ፤ ሲሞት ይቺን «አንቺ ሴትዮ» የሚለኝ ስላጣሁ ነበር ያለቀስኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ወጡን አሞቅሁለትና ወጣሁ።

ግን ሐሙስን እንዴት አስወስድበታለሁ? ስሙ ካልተቀየረ ሰፈሩ ይማረው አልኩ። ሬዲዮ ከሆንኩ አይቀር ልሥራበት። ቋሊማ የሚሸጥበት ቡዳን ቤት ገባሁ፣ ስሙን ተናገርኩ። ፀጉር ቤት ገባሁ፣ ተናገርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀሰላሙ ላይ እንደ መዝሙር አስጠናኋቸው። ጉድ ነው! አንዱ «የጉበት መድኃኒት ነው?» ይለኛል። ሌላው እያነጠሰ የሚጨርሰው እየመሰለው መሐረቡን ያወጣል። ሽማግሌው ሶሲየ ከነወንድሙ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «እና ይሄ ሰውዬ ከዳክዬ ይሻላል እንዴ?» አሉኝ። ያ ሁሉ ትምህርት! ኑኒ ራሱ ቡዳን ቤት አግኝቶኝ፣ «ታንት ኤልዲያ፣ እኔ በጥርሴ ብወዳደር አንቺ በመዝገበ ቃላት መጣሽብኝ» ብሎ ሳቀ። ልጅ ሆኖ ታንት፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ ታንት እያለ ኬኬን የጨረሰ ልጅ ነው፤ ክፉ አይናገረኝም።

ቀስ በቀስ ግን ስሙ ያዘ። በረዶ መሸጫው ቤት ግድግዳ ላይ በኖራ ተጻፈ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲያልፍ ሕፃናቱ በመስኮት ይጮሁታል። ሰው ባልሽን ባየ ቁጥር፣ እንደተማረ ለማሳየት፣ ከመንገድ ማዶ በዚያ ስም ይጠራው ጀመር። እኔም «ይኸው፣ ሐሙስ ዳነ» ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ መጣ። አልቀመጥም አለ። ባርኔጣውን በጁ ያዞራል።

«ኤልዲያ፣ ተዪው።»

«ምኑን?»

«ስሙን።»

«ካልተማሩት ትሸነፋለህ።»

«ዛሬ ቤንዚን ስቀዳ ሦስት ሰው ጠራኝ። አንዱ ጎማህ ተንፍሷል ሊለኝ ነው።» ባርኔጣውን አንዴ አዞረ። «መስማት ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን የሷ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበረ። አሁን ስሙን ሳስበው የቡዳን ሻጩ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። ትናንት በሷ ድምፅ ልሰማው ብሞክር እምቢ አለኝ።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስን ኑኒ ይውሰደው። እሷን አልሰጥም።»

ይሄን ብሎ ሄደ፤ ጎማው እንደተነፈሰ።

እኔ ምን ላድርግ? ብናገር ድምፅሽን ከጆሮው አወጣለሁ፤ ዝም ብል ሐሙሱን አስወስዳለሁ። በይ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ጠየቅሁሽ እኮ፤ መልስሽን ግን ያገኘሁት በቅዱሳን ቀን ነው።

የዚያን ጠዋት ክሌበርትን ኖራ ልቀባው ባልዲዬን ይዤ መጣሁ። ያንቺ ሐውልት የቆመው ከቀብርሽ ወራት በኋላ ስለሆነ ደህና አድርጌ አይቼው አላውቅም ነበር። ለካ ባልሽ ለሁለታችሁ ድርብ ነው ያሠራው። ያንቺ ስም፣ ጎኑ የሱ። ከስሩ የተወለደበት፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። ሙሉ ስሙ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ በየሳምንቱ አጠገቡ እያለፈ።

ከኋላዬ ቬልታ መጣች። እሷም ምርጫው ላይ ከወደቀች ወዲህ ማንን እንደምትመርጥ ጨንቋታል። «ታንት ኤልዲያ፣ ያ የዳኛው ስም ማን ነበር ያልሽው? ጠፋብኝ» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። «ኡርሱልን ጠይቂያት» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አነበበች። ከንፈሯን ስታነቃንቅ፣ «በልብሽ! ጮክ ብሎ ያነበበ ጋምቦ ወጤን አይቀምስም» አልኳት። ጋምቦዬን ታውቂዋለሽ፤ ከንፈሯን ገጠመች።

ከዚያ በኋላ ማንም ስሙን በጠየቀኝ ቁጥር «ኡርሱልን ጠይቁ» ብቻ ሆነ መልሴ። አንዱ ላንዱ ነገረው። ሶሲየዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው አነበቡ፤ ታናሹ ፊደል ስለማይገባው ታላቁ በጣቱ እየጠቆመ አሳየው፤ ድምፅ የለም። የእሳት አደጋ ልጆች መጡ። ሜልቪና ባጇን ሳታደርግ መጣች። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ስም በልቡ ይዞ፣ አፉን ዘግቶ ይሄዳል። ሬዲዮ ጠፍቶ እንደዚያ ያለ ሥራ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ያንን ጣውላ የሣልሽለት አንቺ፣ ወረቀቱን የሞላሽለት አንቺ፤ ሞተሽም ምርጫውን የያዝሽለት አንቺ ሆንሽ።

በኋላ እሱ ራሱ ኖራውን ይዞ ከች አለ። ሰልፉን ሲያይ ቆመ። እኔ «አሁን አለቀልኝ» አልኩ። ሰው ሁሉ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀለት፤ አንድም ሰው በዚያ ስም አልጠራውም። ሽማግሌው ሶሲየ «እንደምን አደርክ፣ አቶ ዳክዬ» አለው። «እግዜር ይመስገን» አለ። ከዚያ ተንበርክኮ ድንጋዩን ቀባ። ፊደሎቹ ውስጥ ኖራ እንዳይገባ ብሩሹን በጫፉ ይዞ በዙሪያቸው ቀባ፤ ያንቺንም የሱንም። እኔን አላየኝም። ሲጨርስ ባልዲዬን ወደ ክሌበርት ተሸክሞልኝ ሄደ። ይበቃል አልኩ።

በኅዳሩ ምርጫ መኪናው ላይ የነበረው ኑኒና አንቺ ናችሁ ብልሽ አልዋሸሁም። ሜልቪና «ዝም በሉ» የምትለው ሰው አጥታ ስታዛጋ ዋለች። ባልሽ አሸነፈ፤ ብዙም አይደል፣ ግን አሸነፈ። ኑኒ ቡዳን ቤት ቆሞ፣ «የሞተች ሴት ስትቀሰቅስብኝ የት ሄጄ ልክሰስ? ያለው ዳኛ ባሏ ነው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጥርሱን ግን እስካሁን ከመንገዱ አላነሳም፤ ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል ይላል።

ባለፈው ሳምንት ከተማ ሄዶ ቃለ መሐላ ገባ። ልጃችሁ ከባሕር መምጣት ስላልቻለ እኔ አጀብኩት፤ ሜልቪናም አለች። ያቺ የመዝገብ ቤቷ ልጅ እጁን እንዲያነሳ ነገረችው። መሐላው «እኔ» ይልና ስም ያስጠራል። በራሱ አፍ ማለት አለበት። እጁን አንስቶ ቆመ፤ ቆየ። ልጅቷ ረስቶት መስሏት ልታግዘው አፏን ስትከፍት በእጁ ምልክት አስቆማት። ከዚያ አለው። ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያውን እንደ ጸሎት፣ መጨረሻውን ቆረጥ አድርጎ፤ ልክ እንዳንቺ። በመስኮት እሰማው የነበረውን አውቀዋለሁ እኮ።

ኑኒም ሥነ ሥርዓት አለኝ ብሎ መጥቶ ነበር። እጁን ዘረጋና፣ ደስ ሊያሰኘው፣ ያንን ስም ሙሉውን፣ ሳይሳሳት፣ ጠርቶ «እንኳን ደስ ያለህ» አለው።

ባልሽ እጁን ጨበጠው። «አመሰግናለሁ፣ ኑኒ። ዳክዬ በለኝ» አለ። «ያኛው ስም ባለቤት አለው።»

ልጅቷ ሳቀች። ኑኒም የሳቀ ይመስለኛል፤ ጥርሱ ሁልጊዜ ስለሚታይ አይታወቅም። ሜልቪና ቦርሳዋን ከፍታ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረች። እኔ መኪናው ጋ ልጠብቃችሁ ብዬ ወጣሁ።

አሁን ሐሙስ ተመልሷል። ትናንት ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሰዎች በፍየል ተካሰሱ፤ ፍየሏም ቀርባ ነበር። ለተፈረደበት ማርማላታ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ወንበርሽ ላይ አይደለም የምቀመጠው፤ የራሴን ይዤ ነው የምሻገረው። ማርማላታዬ ያንቺን አያህልም፤ እስካሁን ሆን ብሎ የተረታ አላገኘሁም። ሰፈሩ ደግሞ ስሙን እርግፍ አድርጎ ትቶታል። የበረዶ ቤቱን ግድግዳ ማን እንዳጠበው አይታወቅም። ይኸው ደብዳቤዬንም ከላይ እስከ ታች እዪው፤ አንዴም አልጻፍኩትም። እንደነበረ መልሼልሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንበሩን ይዞ ወዳንቺ ይመጣል። ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ጆሮውን እንደሚያዘነብል አይቼዋለሁ። ካላስቸገርኩሽ አንዴ ጥሪው። ጥሪው ስልሽ ወደዚያ አይደለም፤ ስሙን ብቻ። ለስድስት ዓመት ነው የመረጥነው፤ ከዚያ በፊት እንዳትወስጂብን።

ከመንገድ ማዶ፣
ጎረቤትሽ ኤልዲያ (ሬዲዮ ካላልሽ አታውቂኝም)